የሁለት ወር አገር ብቸኛ ግብ

ባቡሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በድንበሩ ላይ ወዳለው የፋሌሜ ወንዝ ድልድይ ሲቃረብ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በድልድዩ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ባቡር አላለፈም። በሐዲዱ መሐል የበቀለውን ሣር የቀን ሠራተኞች አጭደው የጨረሱት ገና ባለፈው ሳምንት ነበር፤ እነሱ የዘለሉት ከፉርጎው ሆድ ጋር እየታከከ ሲንሿሿ ይሰማናል። አጠገቤ የተቀመጠችው የኮላ ፍሬ ነጋዴ ዘንቢሏን አቅፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ዴምባ ዲያራ ብቻ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል ወንዙን ያያል። የማይታጠፈውን ቀኝ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶታልና ትኬት ተቆጣጣሪው በመጣ በሄደ ቁጥር እየተንጠራራ ይሻገረዋል።

«ማካን» አለኝ ሳይዞር፤ «ባለፈው ስናልፍ ይሄን ወንዝ አላየሁትም።»

«ባለፈው በጀርባህ ተኝተህ ነበር። እግርህ በጄሶ፣ ጄሶው ከሻንጣ መደርደሪያው ጋር በገመድ ታስሮ።»

«እሱስ ልክ ነህ። የማየው ጣራውን ብቻ ነበር። ብሎኖቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ መቶ አርባ ሁለት ናቸው።»

እኔ ማካን ሲሶኮ፣ በማሊዋ ካዬስ ጣቢያ የሁለተኛ ማዕረግ የቴሌግራፍ ጸሐፊ፣ በሕይወቴ ያልመዘገብኩት ነገር ቢኖር የራሴን ልደት ብቻ ነው፤ እናቴ «ዝናብ የዘገየ ዓመት» ከማለት በቀር አታውቀውም። ቀድሞ ግን ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ነበረኝ። የማሊ ፌዴሬሽን ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ዋና ጸሐፊ ነበርኩ። ፌዴሬሽኑ ማለት እኛ፣ የዛሬዎቹ ማሊዎች፣ ከሴኔጋል ጋር አንድ አገር የነበርንበት ጊዜ ነው። ረጅም ጊዜ አይደለም። በ1960 ጁን 20 ባንዲራው ተሰቀለ፣ ኦገስት 20 ወረደ። ካዬስ ውስጥ አንድ አህያ ገዝቶ ለመግራት እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

በዚያ ሁለት ወር ቡድናችን የተጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኦገስት 14፣ እሑድ፣ በሴኔጋል በኩል ባለችው ቲየስ ከተማ፣ በባቡር ሠራተኞች ሜዳ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። የተሸነፉት እንግዶች እነማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ጨዋታውን እነሱም ከመዝገባቸው ፍቀውታል። በሌለ አገር መሸነፍ ሽንፈት አይደለም ይላሉ አሉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ግቧን ያገባው ዴምባ ነው። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ባደረገበት ሰዓት፣ ከግራ የተሻማው ኳስ ላይ ከግብ ጠባቂው ጋር እኩል ደረሰ። ኳሷ ወደ መረቡ ሄደች፣ ግብ ጠባቂው በዴምባ ጉልበት ላይ ወደቀ። አጥንቱ ሲሰበር እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰምቶኛል። ስለዚህ ዴምባ ያገባትን ግብ አላያትም። ከግብ ጠባቂው ሥር ሆኖ ሰው ሲጮህ ሰማ፣ ከዚያ ራሱን ሳተ። እኔ ከቃሬዛው ጋር ወደ ሆስፒታል ስሮጥ የጨዋታውን ቅጽ ለምክትሌ ለማሳምባ ዲዮፕ ወርውሬለት ሄድኩ። ደንቡ ቅጹ በስምንት ቀን ውስጥ ተገልብጦ በትልቁ መዝገብ ላይ ይስፈር ይላል። አገሩ የፈረሰው በስድስተኛው ቀን ነው። ከማሊ ወገን የነበርን የባቡር ሠራተኞች በመጨረሻው ባቡር ተጫንን፤ ሐዲዱ ድንበሩ ላይ ተቆረጠ፤ ቅጹም መዝገቡም ማሳምባ ጋ ቀሩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዴምባ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በዓይኔ አላየኋትም፤ እስቲ ተጽፋ ልያት» ይለኛል። ካዬስ ውስጥ የጨዋታው ፎቶ የለ፣ ጋዜጣ የለ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አጎቴ ዴምባ፣ ለየትኛው አገር ነው ያገባኸው?» ይሉታል። ክፋት የላቸውም፤ የምር አያውቁም።

ባለፈው ወር ደግሞ በዋና ከተማችን በባማኮ አንድ ቢሮ የአገሪቱን ዓለም አቀፍ ውጤቶች ሰብስቦ በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው የሚል ወሬ በቴሌግራፌ በኩል አለፈ። ዴምባን ይዤ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ጓድ ትራኦሬ የሚባል ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ሹም ነው። የዴምባን ከዘራ ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት።

«ጓድ ሲሶኮ፣ መዝገባችን የሚጀምረው ማሊ ለብቻዋ ከቆመችበት ከሴፕቴምበር 22፣ 1960 ነው» አለኝ። «ከዚያ በፊት አልነበርንም።»

«እኔስ ነበርኩ» አልኩት።

አልሳቀም። ዴምባን አየት አድርጎ ድምፁን አለዘበና፣ «ይሁን። ዋናውን ቅጽ አምጡልኝ። የዳኛው ፊርማና የግብ አግቢው ስም በግልጽ ከሰፈረበት፣ በመቅድሙ ውስጥ አንድ መስመር እፈልግላችኋለሁ። ከሚመጣው ወር ሁለተኛ ሰኞ በኋላ ግን ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የማደርገው የለም» አለ። ደረጃውን ስንወርድ ዴምባ ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያለው ይሄን ብቻ ነው፦ «ትራኦሬ ሆኖ ወንበር ሳበልኝ።»

ምን እንዳመመው ገብቶኛል። ዲያራና ትራኦሬ በእኛ አገር የዘር ስሞች ናቸው፤ ዲያራ የተባለ ሁሉ ከትራኦሬ እጅ ስድብ እየጎረሰ ነው የሚያድገው፤ ትራኦሬም እንዲሁ ከዲያራ። አንተ አደንጓሬ በሊታ፣ አንተ ሎሌዬ፣ አባትህ የአባቴን ፍየል ሲጠብቅ አልነበር እንዴ፣ ይባባላሉ። ከቅድመ አያት የመጣ ውል ነው። መቀየም ነውር ነው፣ የጠየቀህን መንፈግም ነውር ነው። ሠርግ ላይ ይሰዳደባሉ፣ ሬሳ አጠገብ ይሰዳደባሉ። ዴምባ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን የካዬስ ትራኦሬዎች እሱን መስደብ ተዉ። «እንደምን ዋልክ ወንድሜ» ይሉታል፣ መንገድ ይለቁለታል። አንድ ቀን ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጠን «ለሬሳ የማይነፈገውን ነው እኮ የነፈጉኝ» አለኝና ወዲያው ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረ።

ኪዲራ ላይ ለፍተሻ ወረድን። የድንበር ኬላው አዲስ ነው፤ አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባንዲራ። ከጠረጴዛው ኋላ አዲስ ካኪ የለበሰ የሴኔጋል ሹም ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ይጽፋል። እኔን ሲሶኮውን ብዙም አልጠየቀኝም።

«ቀጣይ። ስም?» አለ ቀና ሳይል።

«ዴምባ ዲያራ።»

ብዕሩን አስቀመጠና ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ዲያራ? ከወንዙ ወዲህ ንዲያይ ነው የምትባለው። እኔ ደግሞ ዲዮፕ ነኝ፤ ከወንዙ ወዲያ ትራኦሬ የምትሉት» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ድስታችን ሰላም አግኝቶ ነበር። ይሄን ሐዲድ የከፈቱት አንተን ሊያመጡብን ነው? አደንጓሬ ይዘሃል? ኪስህን ገልብጥ።»

ዴምባ ሲለወጥ አየሁት። ትከሻው ተነሳ፣ ድምፁ ወፈረ።

«የያዝኩትን መንገድ ላይ ጨረስኩት» አለው። «ዲዮፕ የሚባል ሎሌያችን ጠረጴዛ ዘርግቶ መንገደኛ ይለምናል ቢሉኝ አላመንኩም ነበር። ቆቡን ማን አዋሰህ?»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ሹሙም እየሳቀ፣ እንደ ወጉ ትከሻውን ሊደቃው ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ያኔ ነው እግሩንና ከዘራውን ያየው። ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለ፤ «አላየሁም ነበር። ና፣ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጥ። ወረቀትህን አትሜ እኔው አመጣልሃለሁ።»

አመጣለትም። በሁለት እጁ ይዞ ነው የሰጠው። ዴምባ አመስግኖ ተቀበለና ወደ ባቡሩ ተመለስን። ባለ ዘንቢሏ ሴት ኮላ ሰጠችው፤ ሳይነክሰው በጣቶቹ መሐል ሲያገላብጥ ዋለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቲየስ ደረስን። ማሳምባ ዲዮፕ መድረኩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት እጁ ከቅባት የማይላቀቅ መካኒክ ነበር፤ አሁን የወርክሾፑ ምክትል አለቃ ሆኖ ክራባት አስሯል፤ ሸብቷልም። እኔን አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ወደ ዴምባ ሲዞር ግን ረጋ አለና እጁን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወንድሜ ዴምባ። እንደምን ነህ? መንገዱ እንዴት አደረገህ?»

ዴምባ ትንሽ ጠበቀ። እኔም አብሬው የጠበቅኩ ይመስለኛል። ሌላ ነገር አልመጣም።

«ደኅና ነው» አለ ዴምባ። «መንገዱ ደኅና ነው።»

ማሳምባ ቤት ከአንድ ገበታ ሩዝ በዓሣ በላን። ለዴምባ ዓሣውን እሾህ እየለቀመ ያቀርብለት ነበር፤ የተሰበረው እጁ ሳይሆን እግሩ መሆኑን ልነግረው ምንም አልቀረኝ። ከምሳ በኋላ ሚስቱ ገበታውን አነሳች፤ እሱ ከአልጋው ሥር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ ሳበ።

«በጊዜ መጣችሁ» አለ። «ሐሙስ ከዳካር መጥተው ሊወስዱት ነው። ለመዝገብ ቤት ይፈለጋል ብለዋል። እኔ እንደገባኝ እዚያ ምድር ቤት የሚገባ ነገር አይወጣም። አንድ ሰው ጠይቄ ነበር፤ ይሄ ጨዋታ የማን ነው ብዬ። የኛም አይደለም፣ የእነሱም አይደለም አለኝ።»

«ጓድ ትራኦሬም እንዲሁ ነው የሚለን» አልኩት።

ቆርቆሮውን ከፈተ። መዝገቡ አለ፤ ጀርባው ላይ የጻፍኩት የእጅ ጽሑፌ አለ፤ መቶ ገጽ ነው፣ መቶውም ባዶ። ስገዛው ለብዙ ዓመት ይበቃናል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለሁለት የታጠፈው ቅጽ ተቀምጧል። ዝናብ የነካው ወረቀት ደርቆ ተኮማትሯል፤ ሲረጥብ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚለወጠው እርሳስ እዚህም እዚያም ፈሷል፤ ቢሆንም ይነበባል። ዴምባ ወንበሩን አስጠጋ። ማንበብ አይችልም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «አንብብልኝ» አለኝ።

እንደ ደንቡ ከላይ ጀመርኩ። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት። የአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ስም በእኔ ጽሑፍ፤ ዘጠኝ ቁጥር፣ ዲያራ ዴምባ። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ማሳምባ እጅ ይለወጣል። ውጤት፦ ማሊ ፌዴሬሽን አንድ፣ እንግዳ ቡድን ዜሮ። ደቂቃ፦ ሰማንያ ስምንት።

«ግብ አግቢ» አልኩና ቆምኩ።

«እ?» አለ ዴምባ።

አንገቴን ወደ ማሳምባ አዞርኩ። ማሳምባ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። የጻፈውን ጨርሶ ረስቶት ነበር፤ በእናቱ እምላለሁ አለኝ በኋላ፣ እኔም አምነዋለሁ። ያን ቀን ዝናቡ እየወረደ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ እየጨፈረ፣ እሱም እየጨፈረ ነው የጻፈው። በስምንት ቀን ውስጥ ገልብጬ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር። ዳኛው ደግሞ ዝናብ እየመታው ሳያነብ ፈረመ።

«ምንድን ነው? አልተጻፈም?» አለ ዴምባ።

«ተጽፏል።»

«ታዲያ አንብበዋ።»

መሸሽ አልቻልኩም። አነበብኩት።

«ግብ አግቢ፦ ሎሌዬ፣ ያ አደንጓሬ በሊታ።»

ከውጭ የለውዝ መፈልፈያ ማሽን ይሰማል። እኔ ያሰብኩት ስለ ሰኞ ነው፤ «ስሙ በግልጽ ከሰፈረበት» ስላለው ጓድ ትራኦሬ ነው፤ ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው በመጨረሻ ያገኘው ስድብ መሆኑን ነው። ማሳምባን በክራባቱ አንቄ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። የባሰው ደግሞ፣ ዲዮፕ ስለጻፈው ዴምባ መቀየም እንኳ አይፈቀድለትም።

ማሳምባ መሬት ላይ ተንበርክኮ የዴምባን ጉልበት ያዘ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። የደስታ ስካር ነው። ማታ ሆስፒታል መጥቼ እግርህን ሳይ ... ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ባንተ ላይ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቆይ፣ አስተካክለዋለሁ። እርሳሱ አለኝ፣ ያው የድሮው እርሳስ። ጫፉን በምራቅ አርሼ ከላዩ ስምህን እጽፈዋለሁ። ዝናብ ያፈሰሰው ነው የሚመስለው። ማንም አያውቅም። ማካን ያውቃል፣ እሱም አይናገርም።»

እኔም አልናገርም ነበር። በሃያ ዓመት ሥራዬ አንድ ቴሌግራም ላይ አንዲት ፊደል ለውጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እርሳሱን እኔው ራሴ ልቀርጽለት ዝግጁ ነበርኩ።

ዴምባ ግን አላየንም። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው።

«የትኛው ጋ ነው?» አለኝ።

ጣቱን ይዤ መስመሩ ላይ አሳረፍኩለት። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዳበሰው። ከዚያ ትከሻው ይርገበገብ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው።

«ድገመው» አለኝ።

«ሎሌዬ፣ ያ አደንጓሬ በሊታ።»

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ሦስተኛ አነበብኩለት። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ማሳምባ፣ እርሳስህን ኪስህ ክተት» አለ። «ያን ቀን ሜዳው ላይ ስንት ዲያራ ነበር?»

«አንተ ብቻ።»

«እኮ። ይሄን የጻፈው ሰው አላዘነልኝም። ኳሷ ስትገባ በዓይኑ አይቶ፣ ደስ ብሎት ሰደበኝ። ካላገባሁ ምን ብሎ ይሰድበኛል? ስሜንማ ማንም ይጽፈዋል፤ ሆስፒታሉም ጽፎት ነበር።»

«ዴምባ» አልኩት፤ «ጓድ ትራኦሬ ይሄን አይቀበልም። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። አሁን ካልተስተካከለ መጽሐፉ ውስጥ የለህም። ለዘላለም የለህም ማለት ነው።»

አሰበበት። ቀላል ነገር አድርጎ እንዳልመለሰው ልመሰክርለት እፈልጋለሁ። ከዘራውን ይዞ ተነሳና እስከ በሩ ሄዶ ውጭ ውጭውን እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ደክሞ ነበር።

«ብታጠፉት ያቺ ቀን ትጠፋብኛለች» አለ። «ከዚያች ቀን ወዲህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እግሬን ነው። እዚህ ላይ ያለው ሰውዬ እግር አለው። እንደዚሁ ይሁን።»

ማሳምባ አሁንም እንደተንበረከከ ነው። ዴምባ ወደ ታች አየው።

«ደግሞ መዝገቡን ስጠኝ።»

«መዝገቡን? ሐሙስ ሊወስዱት ይመጣሉ እኮ። ፈርሜበታለሁ።»

«ዲያራ ጠይቆ ዲዮፕ እምቢ ያለበት ቀን አለ?»

የለም። ማሳምባ ይሄን ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ቆርቆሮውን ዘግቶ በሁለት እጁ አቀረበለት፣ እንባውም በክራባቱ ላይ ይወርዳል።

«ምን እላቸዋለሁ?» አለ።

«አደንጓሬ በሊታ በላው በላቸው።»

እኔ ሳቅኩ። የማሳምባ ሚስትም ከጓሮ ሆና ሳቀች። ማሳምባ ግን ለመመለስ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ከዘራው ላይ ሲያርፍ መልሶ ዘጋው። ጣቢያ ድረስ ሲሸኘን ክንዱን ደግፎ፣ ደረጃ ላይ «ቀስ በል ወንድሜ» እያለ ነው። ዴምባ ተደግፎ ወጣ። እስከ ድንበር ቆርቆሮውን ከብብቱ አላወረደም፤ ያ ሳቅ ሦስት ዓመት ሲጠበቅ የኖረ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ባማኮ ጓድ ትራኦሬ ፊት ቆምን። ለዴምባ እንደ ባለፈው ወንበር ሳበለት። ቅጹን ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ከላይ ወደ ታች ሲያነብ አየሁት። ጣቱ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቆመ፣ ወረደ፣ ግብ አግቢው ጋ ደረሰ። 

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አለ ጣቱን ሳያነሳ።

«ዲዮፕ» አልኩት። «ማሳምባ ዲዮፕ፣ ምክትል ጸሐፊ።»

«የተጻፈበትስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዴምባ ከወንበሩ።

ጓድ ትራኦሬ የሸሚዙን አንገት ነካ ነካ አደረገ። መስኮቱን አየ፣ በሩን አየ። ከጎኑ በተከመረው የመጽሐፉ ረቂቅ ላይ እጁን አሳረፈ፤ የፊተኛው ገጽ ከላይ ነበርና ከፊት ለፊቱ እንደቆምኩ አነበብኩት። ሴፕቴምበር 22 ይላል፤ ከሥሩ ያሉት ውጤቶች ለማንበብ ደስ አይሉም።

«ጓዶች» አለ፤ «ይሄን ላስገባ አልችልም። ስም የለውም። ስም ቢኖረውም አገር የለውም። የበላዮቼን ጠይቄ ነበር፤ አንድ መስመርም አይገባም ብለውኛል። ያን ጊዜ ቃል ባልገባላችሁ ይሻል ነበር።» ከዚያ ቀስ ብሎ ቅጹን አጥፎ ለዴምባ መለሰለት። «አዝናለሁ ወንድሜ።»

«ወንድሜ» ሲል ዴምባ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ጓድ ትራኦሬም ሳያየው አልቀረም። ቅጹን በቆርቆሮው ከትቶ ተነሳ፣ አመሰገነ፣ ወጣን። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፤ በየደረጃው ላይ ከዘራው ይቀድማል፣ እግሩ ይከተላል። ግቢው በጸሐፊዎችና በባለጉዳዮች ተሞልቷል። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ፀሐዩ ላይ ወጥተን ወደ በሩ እየሄድን ሳለ በራሴ ማፈር ጀመርኩ፤ ያን እርሳስ ነጥቄ ልጽፈው ይገባኝ ነበር እያልኩ።

ከላይ መስኮት ሲበረገድ ሰማሁ።

«አንተ አደንጓሬ በሊታ!»

ግቢው በሙሉ ቀና አለ። ጓድ ትራኦሬ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቷል። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል።

«ያን ጉማጅ እንጨት እየጎተትክ በማን ግቢ ነው አቧራ የምታስነሳው? ዓይንህን ጨፍነህ አንዲት ግብ አገባሁ ብለህ ሦስት ዓመት ታደነቁረናለህ? ድሮ አባትህ የአባቴን ፍየል ሲጠብቅም እንደዚሁ እያነከሰ ነበር!»

አንድ ጸሐፊ የያዘው ወረቀት ከእጁ ወደቀ። ዴምባ ባለበት ቆመ፤ ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ቀስ በቀስ ትከሻው ሲነሳ አየሁት። ከዚያ ሳይዞር ከዘራውን ከራሱ በላይ አነሳው።

«በሎሌዬ ግቢ ነው!» ብሎ መለሰ። «ውረድና አቧራውን ጥረግ!»

ያን ጊዜ ግቢው ፈነዳ። ሾፌሮቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሁሉ ጮኹ፤ ዲያራ የሆነው ለዲያራ፣ ትራኦሬ የሆነው ለትራኦሬ። ዴምባ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ጩኸቱን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሊወድቅ የመሰለኝን ሰው ልደግፍ እጄን ዘረጋሁ። አላስፈለገውም።

«ማካን» አለኝ፤ «ሰማህ? አሁን ገባች።»